ፍላሽ «ተቀበል» ቢሉት አይቀበልም

ቸኩዬ ነው የምጽፈው፤ የፊደል ግድፈት ካለ እለፉት።

ትናንት ማታ ሐይቅ ዳር አንድ ዝግጅት ላይ ሳውንድ የሠራሁት እኔ ነኝ። የቱ ቤት እንደሆነ አልናገርም፣ የእንጀራ ጉዳይ ነው። ፖስተሩ «የወሎ ቅኝቶች በላይቭ ባንድ» ይላል። መድረኩ ላይ ኪቦርድ አለ፣ ክራር አለ፣ መሰንቆ አለ። ወደ እኔ ሚክሰር ግን የኪቦርዱም የክራሩም ጃክ አልመጣም። የመጣልኝ አንድ ፍላሽና ሁለት ማይክ ነው። ክራር የያዘው ልጅ የትም ያልተሰካ ክራር ሲመታ አመሸ፤ ጎበዝ ልጅ ነው ደግሞ፣ እጁ ትክክል ይሄድ ነበር፣ የሰማው ሰው ግን የለም።

ጠዋት ስልኬን ስከፍት አንዷ ታዳሚ ቪዲዮውን ለጥፋዋለች። «የ2018 ዕቅዴ፣ ቁጥር 4፦ አዲስ ላይቭ ሙዚቃ መስማት። ተሳክቷል! አምባሰልን እዚያው አምባሰል ሰማሁት።»

ላይቭ አልነበረም። ዘፈኑም አምባሰል ሳይሆን ባቲ ነው። ሐይቅም አምባሰል ውስጥ አይደለችም፤ ሐይቅ የተሁለደሬ ወረዳ ከተማ ናት፣ የአምባሰል ወረዳ ከተማ ውጫሌ ናት። (ውጫሌ ሲባል ሰው ሁሉ ትዝ የሚለው የ1881ዱ ውልና አንቀጽ 17 ብቻ ነው። ሰው የሚኖርባት፣ ሰርግ የሚደገስባት ከተማ ናት እኮ።)

ንዴቴ ልጅቷ ላይ አይደለም። ከፍላ ገብታለች፣ ማየት የፈለገችውን አሳይተዋታል። ግን በየመስከረሙ «አዲስ ላይቭ ሙዚቃ አገኛለሁ» ብላችሁ ዕቅድ የምትጽፉ ብዙ ስለሆናችሁ፣ ኬብሉን ከሚሰካው ሰው አፍ ስሙ።

1. «በወር አንድ» ብላችሁ አታቅዱ።

የእኛ አገር ሙዚቃ በወር አይከፋፈልም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ያኔ ሰርግ የለም፣ የባህል ቤቱም ቀዝቅዟል። ረመዳንም እንዲሁ የራሱ ጸጥታ አለው። በተቃራኒው ጥር ላይና ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት ሰርጉ ተደራርቦ እኔ ራሴ እንቅልፍ አላገኝም። መስከረም 21 ለግሸን ማርያም ወደ አምባሰል የሚተመውን ሕዝብ ዜማ ብቻ ለመስማት የሄደ ሰው የዓመቱን ድርሻ በአንድ ሌሊት ይሞላል። በጾሙ ወቅት በገና ፈልጉ፣ በመውሊድ ድቤና መንዙማ አለ። መንዙማው አምልኮ ነው፤ ጫማችሁን አውልቃችሁ፣ ጥግ ይዛችሁ፣ ስልካችሁን ኪሳችሁ ከታችሁ ነው የምትሰሙት። ጎሕ ሳይቀድ ደጅ ላይ ቆመው የሚያዜሙ ላሊበላዎች ከገጠሟችሁ ደግሞ ከአልጋችሁ ሳትወርዱ ላይቭ ሰማችሁ ማለት ነው። ሳንቲሙን ግን ስጡ።

2. ቅኝት ለዩ።

አራቱን (ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ) የማያውቅ የለም ብዬ እዘላለሁ። ሰው የሚምታታበት አምባሰልና ትዝታ ማይነር ላይ ነው፤ ለዚህስ በቂ ምክንያት አለው። አምባሰልን ከዶ ብትነሡ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው። እነዚያኑ አምስት ድምፆች ሳትነኩ ከፋ ተነሡ፦ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት፣ ዶ፣ ሬ ፍላት። ትዝታ ማይነር ሆነላችሁ። ክራር ተጫዋች አንድ መቃኛ ሳያዞር ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል። የሚለያቸው ዜማው የሚያርፍበት ቦታ ነው። ስለዚህ ዘፋኙ ስንኙን ሲዘጋ ያረፈበትን ድምፅ በአፋችሁ ያዙትና አንጎራጉሩት። ከእሱ በላይ ያለው ድምፅ ግማሽ ብቻ ከፍ ካለ፣ ከዚያ ትልቅ ዝላይ ከመጣ፣ ከዝላዩ በኋላ ደግሞ ሙሉ ድምፅ ከሄደ አምባሰል ነው። ከዝላዩ በኋላ ግማሽ ከሄደ አንቺሆዬ ነው። ባቲ ገና ከመነሻው ዘሎ ስለሚነሣ ከአምባሰል ጋር የሚያምታታ ነገር የለውም። የባቲ ዘፈን ላይ «ምርጥ አምባሰል» ብሎ የሚጽፍ የዩቲዩብ ቻናል ሁሉ ይሄን አንድ አንቀጽ ቢያነብ ምን ነበረበት!

እግረ መንገዴን፦ «አምባሰል የኀዘን ቅኝት ነው» የምትሉ፣ ተዉ። ፍቅርም ጨዋታም ይዘፈንበታል። ማሪቱ ለገሠ ስሟ ከአምባሰል ጋር የተጣበቀው ስላለቀሰች አይደለም፣ ስለቻለች ነው።

3. ፍላሹን እወቁ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ደሜ ስለፈላ።

ዘፈኑ ድምፁ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ ካለቀ ፍላሽ ነው። ባንድ ዘፈን ይዘጋል እንጂ አያሳሳም። ዘፋኙ ማይኩን ከአፉ ወደ ደረቱ ሲያወርድ ድምፁ አብሮ ካልራቀ ፍላሽ ነው። ደጋኑ ቆሞ መሰንቆው ከቀጠለ ምን እንደሆነ እናንተው ጨርሱት። ኪቦርዲስቱ በሁለት እጁ እያጨበጨበ ኪቦርዱ ሲዘፍን አይቻለሁ፤ ሰዉ አብሮ ያጨበጭባል!

ፕሌይባክ ኃጢአት ነው አላልኩም። ሠራተኛ ማነው፣ ክፍያው ስንት ነው፣ መብራቱ አስተማማኝ ነው ወይ፣ ይገባኛል። ፖስተሩ ላይ «ፕሌይባክ» ብላችሁ ጻፉና በግማሽ ዋጋ አስገቡ፤ ማንም አይቀየማችሁም። በላይቭ ስም ላይቭ ያልሆነ ነገር ስትሸጡ ግን የምትዘርፉት ያንን ያልተሰካ ክራር የያዘውን ልጅ ነው። እሱ ቢሳሳት እንኳ የሚሰማው የለም፤ ስሕተቱ ካልተሰማ መቼ ነው የሚሻሻለው? ከዚያ ደግሞ ባለቤቱ መጥቶ በጆሮዬ «ኢኮ ጨምርበት» ይለኛል። ኢኮ በሌለበት ስቱዲዮ ተቀርጾ፣ ኢኮ ተጨምሮበት የወጣ ዘፈን ላይ ሌላ ኢኮ! ቃሉ ሦስት ሦስት ጊዜ እየተደገመ ስንኙ ይጠፋል። የወሎ ዘፈን ጣዕሙ ስንኙ እኮ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው መለያ ግን አንድ ነው፦ «ተቀበል!» በሉት። ግጥም ስጡት። አዝማሪ ከሆነ ይቀበላችኋል፣ አጣፍጦ ይመልሳል፣ ሳታስቡት እናንተንም ይነካካችኋል። ፍላሽ አይቀበልም።

አንድ ሰርግ ላይ፣ ከውጫሌ ወጣ ብሎ፣ መብራት ሄደ። የእኔም ጄነሬተር በነዳጅ እጦት ዘመን በጀሪካን በተገዛ ነዳጅ ነበር የሚሠራው፣ እሱም ተከተለ። ድንኳኑ ጨለመ፣ ስፒከሩ ሞተ፣ ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ። መሰንቆ የያዙት አዛውንት ምንም አልመሰላቸውም። እጣን አውጥተው የደጋኑን ጭራ አሸት አሸት አደረጉ። ቀረብ ብዬ፣

«ጋሼ፣ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ስፒከር አለኝ፣ ላምጣልዎ?» አልኳቸው።

«ተወው ልጄ፣ አብሽር። ዝም ካለ ይሰማል።»

ጀመሩ። ሰዉ በእርግጥም ዝም አለ። ከኋላ አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ስለ ጄነሬተሩ ባለቤት ሁለት ስንኝ ወረወረ። ተቀበሉት። እሳቸው የጨመሩበትን ሁለተኛውን ስንኝ እዚህ አልጽፈውም፤ ውጫሌ ውስጥ ግን እስከ ዛሬ የሚያስታውስብኝ ሰው አይጠፋም። እንግዲህ ላይቭ ማለት ይሄ ነው፦ የዛሬው ጨለማ፣ የዛሬው ሰው፣ የዛሬው ባለ ጄነሬተር ዘፈኑ ውስጥ ገባ። ነገ ሌላ ቦታ ያንኑ ዘፈን ብትሰሙት እኔ የለሁበትም።

4 ይሁን 5፣ ቁጥሩን ተውኩት። ይሄኛው ስለ መሥሪያ ቤቶች ነው።

«ባህላችንን እናሳድግ» የሚል ባነር ሰቅሎ ስብሰባ የሚጠራ መሥሪያ ቤት ሁሉ የመሰንቆ ተጫዋቹን ፀሐይ ላይ ያስቀምጠዋል። የክብር እንግዳው እስኪመጡ ይጫወታል፤ መኪናው ብቅ ሲል «ይብቃ» ይባላል። አንዴ የፕሮግራሙ ወረቀት ላይ «ሙዚቃ፣ 5 ደቂቃ» ተብሎ ተጽፎ አይቻለሁ፤ ንግግሩ ከአንድ ሰዓት በላይ ሄደ። አበል ሲጠይቅ ደግሞ «ደረሰኝ አምጣ፣ ቲን ቁጥር አለህ?» መሰንቆ በደረሰኝ! ሰውዬው ከአባቱ የወረሰው መሰንቆ እንጂ የደረሰኝ ጥራዝ አይደለም። በሩብ ዓመቱ ሪፖርት ግን «የባህል ቡድን ተሳትፎ፣ ዕቅድ 4፣ ክንውን 4፣ መቶ በመቶ» ይጻፋል።

የእኛም የግል ዕቅድ ከዚህ ሪፖርት የተቀዳ ይመስለኛል። «12 ኮንሰርት፣ 50 አዲስ ዘፋኝ» እያልን የራሳችን ሱፐርቫይዘር ሆነን እንሞላዋለን። ልጅቷ ቁጥር 4ን ሞላችው፣ የሰማችው ግን ፍላሽ ነው። በቁጥር ካቀዳችሁ ፍላሹም ይቆጠራል። «ዘንድሮ አምባሰልን ሳልጠይቅ በጆሮዬ እለያለሁ» ብላችሁ ብታቅዱ ግን ፍላሽ አያሟላላችሁም፤ ዘፋኙ የሚያርፍበትን እየጠበቃችሁ፣ አንዱን ዘፈን ደጋግማችሁ፣ ከተለያየ ሰው አፍ መስማት ይኖርባችኋል። አዲስ ሙዚቃ ማለትም ለእኔ አዲስ ዘፋኝ ማለት ብቻ አይደለም። ያው አምባሰል በሌላ ሰው ጉሮሮ አዲስ ነው።

አዲስ አበባ ላላችሁም ያው ነው። ካዛንቺስ ሲፈርስ የአዝማሪ ቤቱ ፈንድቃም ከነበረበት ተነሥቷል፤ አዝማሪዎቹ ግን አልጠፉም፣ የት እንደሚጫወቱ ጠይቁ። ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ «ኢትዮፒክስ አለን» እንዳትሉኝ። ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያወጣው ያ ተከታታይ ባይኖር ብዙ ሸክላ በስብሶ ይቀር ነበር፣ ባርኔጣዬን አነሣለሁ፤ 10ኛው ቅጽ ሙሉውን ለትዝታ የተሰጠ ነው። ግን ሪከርድ ነው። ሪከርድ ጆሮ ማሠልጠኛ ይሁናችሁና ከዚያ በአካባቢያችሁ ሰርግ የጠራችሁን ወዳጅ እሺ በሉ። ስትሄዱ ዝርዝር ብር ያዙ፤ ያሞገሰንን አዝማሪ «አፕ አለህ?» ማለት ነውር ነው። ከስፒከሩ ፊት አትቀመጡ፣ ከሳውንድማኑ ጎን ቁሙ፤ ሚዛኑ የሚሰማው እዚያ ነው። ብቻ ሚክሰሩ ላይ ብርጭቆ አታስቀምጡ።

አሁን ተሁለደሬ ገጠር ውስጥ ያለ ሰርግ ጠርቶኛል። መሰንቆ አለ ብለውኛል፣ ፍላሽም አለ ብለውኛል። የፍላሹን ጃክ ቤት ረስቼው ልሄድ ነው።