ስለ ልጆች የሕመም ማስታወቂያ አምባር



ከመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ የአንደኛው ልጅ ዕድሜው ዘጠኝ ዓመት ሲሆን የስኳር በሽታ አለበት። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ሲመለስ ከታክሲ መጠበቂያው አጠገብ ላብ አጠመቀው፤ እጁ ተንቀጠቀጠ፤ ከመንገድ ዳርም ተቀመጠ። ቢጠሩት በቅጡ አይመልስም። መንገደኛው ሁሉ ደግ ነበር፤ ርዳታው ግን እንደየግምቱ ተለያየ። አንዱ የሚጥል በሽታ መስሎት ክብሪት ጭሮ ጢሱን ወደ አፍንጫው አስጠጋ፤ ሌላው ፀሐይ መትቶታል ብሎ ውሃ አፈሰሰበት፤ ሦስተኛው ጠበል ይወሰድ ሲል መከረ። በመጨረሻ አንዲት ባለ ሱቅ የልጁን ደብተር ገልጣ የአባቱን ስልክ አገኘችና ደወለች። አባትየው ከቢሮው ሆኖ፦ «ስኳር ስጡት!» ብሎ ጮኸ። ስኳሩም ከዚያችው ሴት መደርደሪያ ላይ ነበር። ልጁ ዳነ፤ ነገር ግን ሃያ ደቂቃ ያህል አልፎ ነበር።

ዛሬ ላነጋግራችሁ የፈለግሁት በዚያች ሃያ ደቂቃ ውስጥ ስለጐደለችው ትንሽ ዕቃ ነው፤ ይኸውም የሕመም ማስታወቂያ አምባር ነው። በእጅ የሚታሰር ሰንሰለት ወይም ጥብጣብ ሆኖ የልጁ ሕመም፤ የሚወስደው መድኀኒትና የወላጁ ስልክ የተቀረጸበት ትንሽ ሰሌዳ አለው። ነገሩ ለእኛ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም ብል የምትስቁብኝ አይመስለኝም። አያቶቻችንም ክታብ አስጽፈው በልጅ አንገት ያስሩ ነበርና። ብቻ ክታቡ በቆዳ ተሰፍቶ ይዘጋል፤ የአምባሩ ጽሑፍ ግን ያገኘው ሰው ሁሉ ያነበው ዘንድ በግልጥ ይቀመጣል።

የዚህ አምባር ታሪክም ከአንድ አባት ጭንቀት የተነሣ ነው። በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ፤ ተርሎክ በምትባል ከተማ፤ ዶክተር ማርዮን ኮሊንስ የሚባሉ ሐኪም ነበሩ። በ1953 እ.ኤ.አ. ሴት ልጃቸው ጣቷን ተቈርጣ የመንጋጋ ቈልፍ መከላከያ መድኀኒት ለሙከራ ያህል በጥቂቱ ቢሰጣት ሰውነቷ አልቀበል ብሎ ለሞት ተቃርባ ነበር። ከዳነች በኋላ ወላጆቿ ስለዚሁ የሚያስጠነቅቅ ወረቀት በልብሷ ላይ ይሰኩላት ጀመር። ወረቀት ግን ይረጥባል፤ ይቀደዳል፤ ካፖርቱ ሲወልቅም አብሮ ይቀራል። ስለዚህ ቃሉን በብር አምባር ላይ አስቀርጸው በእጇ አሰሩላት። በ1956 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሜዲክ አለርት የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ፤ ልማዱም ከዚያ ወደ ብዙ አገሮች ተዛመተ።

አምባሩ የሚያስፈልገው ሕመሙ በድንገት ራሱን ሊያስት ወይም ቃል ሊያሳጣ ለሚችል ልጅ፤ እንዲሁም የተሳሳተ መድኀኒት ቢሰጠው ለሚጐዳ ልጅ ነው። ኢንሱሊን የሚወስድ፤ የሚጥል በሽታ ያለበት፤ ፔኒሲሊን የማይስማማው፤ ደሙ ቶሎ የማይረጋ፤ የልብ በሩ በሰው ሠራሽ ተለውጦለት ደም የሚያቀጥን መድኀኒት የሚወስድ፤ እነዚህ ሁሉ ከዚህ ቍጥር ይገባሉ። የልጃችሁ ነገር ቢያጠራጥራችሁ የሚያክመውን ሐኪም ጠይቁ።

እንግዲህ ወደ ምርጫው እንምጣ። ብዙ ወላጅ ወደ መደብር ገብቶ አስቀድሞ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው፤ የወር ደመወዝተኛ መሆናችን አይረሳምና አልነቅፈውም። ነገር ግን አምባሩ ሌሊትም ቀንም፤ በሳሙናም በላብም ውስጥ የሚውል ስለ ሆነ ከዋጋው በፊት የተሠራበትን ነገር መመርመር ይሻላል። ለትምህርት ቤት ልጅ ከሁሉ የሚስማማው የማይዝግ ብረት ይመስለኛል። ከዚህም ውስጥ 316ኤል የሚባለው ዓይነት ውሃና ላብን አጥብቆ ይቋቋማል፤ ለመቀረጽም ይመቻል። ኒኬል የተባለው ማዕድን ግን በውስጡ ስለሚገኝ ቈዳው በኒኬል የሚቈጣ ልጅ ካለ ወደ ቲታንየም መዞር ይገባል። ቲታንየም ቀላልና ጠንካራ ነው፤ ዋጋው ከፍ ይላል፤ እንደ ልብም አይጠገንም።

ስለ ብር ብዙ ሰው ይጠይቀኛል፤ በቤታችን ከአያት የወረስነው የማርያ ቴሬዛ ብር ስለማይጠፋ አቅልጦ ማሠራት ለሁሉም ይታየዋልና። ውበቱን አልክድም። ነገር ግን ብር ለስላሳ ነው፤ ኳስ የሚጫወት ልጅ እጅ ላይ ጽሑፉ ከጊዜ ብዛት ይላላጣል፤ እየጠቈረ ሲሄድም ፊደሉ አይለይም። ብር ያሠራ ሰው ጽሑፉን በጥልቀት ያስቀርጽ፤ በየጊዜውም ይወልውለው። ወርቅ የተቀባውን ግን አልመክርም፤ ቅቡ ሲለቅ ከሥር ያለው ናስ ወይም ኒኬል ከቈዳ ጋር ይገናኛል።

ጥብጣቡ ሲሊኮን ከሚባለው ላስቲክ መሰል ነገር የተሠራው ለትንንሾች ለስላሳና ምቹ ነው። ሆኖም ጽሑፉ በቀለም የታተመ ከሆነ በጥቂት ወራት ይጠፋል፤ በቅርጽ የገባውን ምረጡ። ዶቃ የተሰካበት ለዓይን እጅግ ያምራል፤ ነገር ግን ክሩ ቢበጠስ ዶቃው ከሕፃን ጕሮሮ ሊገባ ስለሚችል ዕቃ ሁሉ ወደ አፉ የሚያስገባ ልጅ ባለበት ቤት አይግባ። በአንገት የሚንጠለጠለውንም ቢሆን ለትንንሽ ልጆች አልመርጥም፤ በእንቅልፍ ጊዜ ሊያንቅ ይችላልና።

ልኩን ለማወቅ የልጁን አንጓ በክር ዙሩና ክሩን በማስመሪያ ለኩ፤ በዚያ ላይ አንድ ሣንቲ ሜትር ወይም ጥቂት በለጥ አድርጋችሁ ጨምሩ። ታናሽቱ ጣት በሥሩ ማለፍ አለባት፤ አምባሩ ግን ከመዳፍ ወጥቶ መውደቅ የለበትም። ልጅ ያድጋል ብሎ ሰፊ መግዛት ለጫማ ያገለግል ይሆናል፤ ለዚህ ግን አይሆንም። ቀለበቶቹ የሚቀነሱና የሚጨመሩ ሰንሰለት ብትገዙ ለዓመታት ያገለግላል። መቈለፊያውን ራሳችሁ በአንድ እጅ ለመክፈት ሞክሩ፤ በቀላሉ ከከፈታችሁት ልጁም ይከፍተዋል። ለሚሮጥና ለሚንጠላጠል ልጅ ግን አምባሩ ከአጥር ቢያዝ በኀይል ሲጐተት የሚለቅ መቈለፊያ እጁን ከጕዳት ያድናል።

በሰሌዳው ላይ የሚጻፈውን ሐኪሙ በወረቀት ጽፎ ይስጣችሁ፤ ቀራጩም ከመጀመሩ በፊት ፊደል በፊደል አስተያዩት። አስቀድሞ ሕመሙ፤ ቀጥሎ መድኀኒቱ ወይም የማይሰጠው መድኀኒት፤ በመጨረሻም ሁለት የስልክ ቍጥሮች ይጻፉ። የመድኀኒቱ መጠን አይጻፍ፤ ቶሎ ቶሎ ይለወጣልና። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 መሆኑን ብዙ ሰው ስለሚያውቅ ለእርሱ ቦታ ማባከን አያስፈልግም። ስለ ቋንቋው ብዙ ክርክር ሰምቻለሁ። የእኔ ሐሳብ በአንድ ወገን ሐኪሙ የሚያውቀው የሕክምና ስም በእንግሊዝኛ፤ በሌላው ወገን መንገደኛው የሚያነበው ቃል በአማርኛ ወይም ልጁ በሚውልበት አካባቢ ቋንቋ ይሁን የሚል ነው። «የስኳር በሽታ አለብኝ፤ ከደከመኝ ስኳር ስጡኝ፤ ራሴን ከሳትሁ በአፌ ምንም አታድርጉ» የምትል አንዲት መስመር ያን ባለ ክብሪት በመለሰችው ነበር። በስልክ ካሜራ የሚነበበው ባለ ነጠብጣብ ምልክት ጥሩ ጭማሪ ነው፤ ግን ኔትዎርክ በሌለበትና ባትሪ ባለቀበት ሰዓት ዝም ስለሚል የተቀረጸውን ቃል አይተካም።

አሁን ልጁ ራሱ ወደሚያስብበት ነገር ደርሰናል፤ ይኸውም ቄንጡ ነው። እኛ ታላላቆቹ ይህን እንደ ቅንጦት እንቈጥረዋለን። ነገር ግን ልጁ ያፈረበት አምባር ከበር ሲወጣ በኪሱ ይገባል፤ በኪስ ያለ አምባር ደግሞ ከደብተሩ ውስጥ ወረቀት አይሻልም። የሚጥል በሽታ ያለባት አሥራ ሁለት ዓመት የሞላት ልጅ ሕመሟ ለክፍል ጓደኞቿ ሁሉ እንዲነበብ አለመፈለጓ ያስወቅሳታልን? ስለዚህ ምልክቱ በውጭ፤ ጽሑፉ በውስጥ ወገን የሚሆንበትን ሰሌዳ እመርጣለሁ። ምልክቱ በበትር ላይ የተጠመጠመው እባብ ነው፤ በዓለም የጤና ድርጅት ባንዲራ ላይ ያለው ማለት ነው። የጤና ሠራተኛ ሲያየው ገልብጦ ያነባል። እባብ በልጅ እጅ ላይ ምን ይሠራል የሚሉ አያት ቢኖሩ ሙሴ በምድረ በዳ የሰቀለውን የናስ እባብ አስታውሷቸው፤ እኔ ዘንድ ሠርቷል። ምልክቱ ግን በቀይ ወይም በሌላ ጐላ ባለ ቀለም ይሁን፤ ፈጽሞ ተራ ጌጥ የመሰለ አምባር ማንም ገልብጦ አያነበውምና።

ወላጁ ጠንካራነቱን ያረጋገጠባቸውን ሦስት ወይም አራት አምባሮች ለይቶ ያቅርብ፤ ከእነርሱ መካከል የሚመርጠው ግን ልጁ ይሁን። ጓደኛዬ ልጁን ይዞ ሄዶ ነበር። ልጁ ሰማያዊ ጥብጣብ ያለውን፤ አባትየው ለትልቅ ሰው የሚስማማ ነው ብሎ የናቀውን፤ አነሣ። ከዚያን ቀን ወዲህ አላወለቀውም።

ከመግዛታችሁ በኋላ ለትምህርት ቤቱ ዲሬክተርና ለስፖርት አስተማሪው በጽሑፍ አስታውቁ። በብዙ ትምህርት ቤት ጌጥ ማድረግ ክልክል ነው፤ ያልተነገረው አስተማሪም ሊያስወልቀው ይችላል። በኳስ ሰዓት የላብ ማበሻ ጥብጣብ ቢደረግበት አምባሩም አይጐዳ፤ ሌላውም ልጅ አይጫር። ኤም አር አይ ለሚባለው የማግኔት ምርመራ ሲገባ ግን ማንኛውም ብረት ስለሚወልቅ አንዳችሁ ይዛችሁ ጠብቁት፤ ሲወጣም እዚያው እሰሩለት።

በየስድስት ወሩ ልኩን፤ መቈለፊያውንና ስልኩን አስተያዩ። ስልክ ለውጦ አምባሩን የረሳ አባት ስንት ነው! ልጁ ሲያድግ አሮጌውን አምባር ወደ ሌላ ልጅ እጅ አታሳልፉ። በቤታችን የታላቅ ሹራብ ለታናሽ መድረሱ የተለመደ ነው፤ ሕመሙ የሌለበት ታናሽ ወንድም አምባሩን ለጌጥ አድርጎ ቢወጣና ቢታመም ግን ሐኪሙ የሚያነበው የሌላ ሰው ሕመም ይሆናል። የማያገለግለውን ሰሌዳ በመዶሻ ጠፍጥፋችሁ ጣሉት።