ያገለገለ ባንድ ሶን ስለ ማደስና ስለ ማስተካከል

(ለሕዝብ የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)



የዛሬው ርእሰ ጉዳያችን ከቤተ ሙከራ ይልቅ ለአናጺ ቤት የቀረበ ነው። ከመካከላችሁ በትርፍ ጊዜያችሁ እንጨት የምትሠሩ፣ ለመጀመርም የምታስቡ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አዲስ ማሽን መግዛት ለብዙዎቻችን ከአቅም በላይ ስለሆነ ዐይናችን ያገለገለውን ይፈልጋል። ባንድ ሶ አርጅቶም ቢሆን ሊታደስ ከሚችሉት ማሽኖች አንዱ ነው፤ ይህ የሚሆነው ግን የሥራውን ቅደም ተከተል ለጠበቀ ሰው ነው።

ባንድ ሶ ከላይና ከታች በተተከሉ ሁለት መዘውሮች ላይ እንደ መቀነት የሚዞር ጥርሳም የብረት ጥብጣብ ያለው መጋዝ ነው። የታችኛውን መዘውር ሞተሩ ያዞረዋል፤ የላይኛው ስለቱን ይወጥራል፣ ይመራልም። አሳቡ የቆየ ነው። ዊሊያም ኒውበሪ በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1809 የፈጠራ መብት አስመዝግቦበታል። ይሁን እንጂ የጥብጣቡ ሁለት ጫፎች የሚጋጠሙበት ቦታ እየተበጠሰ ስላስቸገረ ማሽኑ ለረጅም ጊዜ ከጥቅም ላይ ሳይውል ቆየ። መንገዱ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1846 ፈረንሳዊቷ አን ፖሊን ክሬፓን ጫፎቹን በብየዳ የማጋጠም ዘዴ ካስመዘገበች በኋላ ነው። የዛሬው ንግግሬ ከዚህ ታሪክ በሚገኝ አንድ ትምህርት ላይ ይቆማል፦ የባንድ ሶ ዋናው ነገር ስለቱ ነው፤ የቀረው አካል ሁሉ ስለቱ ቀጥ ብሎ እንዲሮጥ የሚያገለግል ነው።

ይህን እኔ በኪሳራ ተምሬዋለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከምናለሽ ተራ መዘውሩ 14 ኢንች የሆነ ባንድ ሶ ገዛሁ። የወላጆቼ ቤት ሲታደስ የወረዱ አራት ወፍራም የዋንዛ ሳንቃዎች ነበሩኝ፤ በስሱ ሰንጥቄ ሣጥን ልሠራባቸው አሰብሁ። የመጀመሪያውን ሳንቃ ከመሐል ሳላደርስ መስመሩ እንደ ቀስት ጎበጠ፤ ሳንቃውም በአንድ ወገን ሳስቶ፣ በሌላው ወገን ወፍሮ ወጣ። ማሽኑን ወነጀልሁ። ኩሽኔታዎቹን ለወጥሁ፤ ውጥረቱን ጨመርሁ፤ ሁለተኛውንም ሳንቃ አበላሸሁ። በመጨረሻ ስለቱን አውርጄ በአጉሊ መነጽር ስመለከተው በአንድ ጎን ያሉት ጥርሶች ደንዝዘው አገኘኋቸው። እንዲህ ያለ ስለት ወደ ሹሉ ጎን ማዘንበሉ አይቀርም። አዲስ ስለት ባስገባሁ ጊዜ ሦስተኛው ሳንቃ ቀጥ ብሎ ተሰነጠቀ። የጠፉት ሁለቱ ግን አልተመለሱም።

እንግዲህ ከግዢው እንጀምር። በጠረጴዛው ላይ ያለው ዝገትና የተላጠው ቀለም አያስፈራችሁ፤ ዝገት በነጭ ጋዝና በብርጭቆ ወረቀት ይለቃል። የሚያስፈራው የካስት አይረኑ ስንጥቅ ነው። አካሉን፣ ክንዱንና የመዘውሮቹን ማቀፊያ በፋኖስ ብርሃን መርምሩ፤ ስንጥቅ ካያችሁ ተዉት። ቀጥሎ መዘውሮቹን በእጃችሁ አዙሩ። የሚያጉረመርም ድምፅ ኩሽኔታ መለወጥ እንዳለበት ይናገራል፤ ይህ በጥቂት ወጪ ይፈታል። ግራና ቀኝ የሚወላገድ መዘውር ግን ከባድ ጉዳይ ነው።

በሦስተኛ ደረጃ የሞተሩን ሰሌዳ አንብቡ። የእኛ አገር የቤት መስመር 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ከአሜሪካ የመጣ ማሽን ብዙ ጊዜ ለ60 ኸርዝ የተሠራ ሲሆን፣ ለ115 ቮልት ብቻ የተሠራውን በቀጥታ በ220 ብናገናኘው ይቃጠላል። ሰሌዳው ሁለቱንም ቮልት ቢያሳይ እንኳ፣ ሞተሩ በ50 ኸርዝ ፍጥነቱ ወደ አምስት ስድስተኛ፣ ማለትም ከስድስት እጅ ወደ አምስት እጅ ይወርዳል፤ ይበልጥም ይግላል። በደቂቃ 900 ሜትር ይሮጥ የነበረው ስለት 750 ሜትር ይሮጣል ማለት ነው። እንጨት መቁረጡን አይተውም፤ ለረጅም ሥራ ግን በአገራችን መስመር የሚሠራ ሞተር መተካት ይሻላል። ሰሌዳው ሦስት ፌዝ የሚል ከሆነ ደግሞ ቤታችሁ ያለውን መስመር አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ማሽኑ ቤት ከገባ በኋላ ማናቸውንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት ሶኬቱን ንቀሉ። ሥራው የሚከተለው ተራ አለው፤ እያንዳንዱ እርምጃ በፊተኛው ላይ ስለሚቆም ተራውን አትዝለሉ።

መጀመሪያ መዘውሮቹን የሚያለብሰውን ጎማ ተመልከቱ። የተጋገረውን ሙጫና ብናኝ አንሡ፤ ጎማው ከተሰነጣጠቀ ወይም ስለቱ ቦይ ካወጣበት ለውጡት። ቀጥሎ ስለቱን የሚደግፉትን መሪዎች ሁሉ ወደ ኋላ አርቁ። ይህን የሚዘነጋ ብዙ ነው፤ መሪዎቹ ስለቱን ከያዙት የመዘውሮቹ ጥፋት ተሸፍኖ ይቀራል። ከዚያም አዲስ ስለት አስገብታችሁ ወጥሩ። የውጥረቱን ልክ የሚያሳየውን ምልክት ብቻ አትመኑ፤ ሞላው ከዓመታት በኋላ ይደክማልና። አሁን የላይኛውን መዘውር በእጃችሁ እያዞራችሁ፣ ስለቱ ከጎማው መሐል ላይ ተረጋግቶ እስኪሮጥ ድረስ የመዘውሩን ዘንበልታ በጥቂት በጥቂቱ አስተካክሉ።

ስለቱ በራሱ ቀጥ ብሎ ከሮጠ በኋላ ነው መሪዎቹ የሚቀርቡት። የጎን መሪዎቹ ከስለቱ አንድ ቀጭን ወረቀት ያህል ይራቁ፤ ጥርሱንም አይንኩ፤ ከነኩ ያደነዝዙታል። የኋላው ኩሽኔታ ማሽኑ ባዶውን ሲሮጥ መዞር የለበትም፤ እንጨት ሲገፋ ብቻ ይዙር። በመጨረሻ ጠረጴዛውን ከስለቱ ጋር በስኳድራ ቀጥ አድርጉ።

የስለት ምርጫ በሥራው ይወሰናል። ወፍራም ሳንቃ ለመሰንጠቅ 12 ሚሊ ሜትር ስፋትና በኢንች 3 ጥርስ ያለው ይስማማል፤ ለኩርባ 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ይሻላል። ከፈረሰ ቤት የወረደን እንጨት ደግሞ ሚስማር እንዳይኖርበት ሳትመረምሩ አታስገቡ።

ባንድ ሶ እንጨቱን ወደ ጠረጴዛው ስለሚጫን እንደ ክብ መጋዝ ወደ ሠራተኛው አይወረውርም። በዚህ ተዘናግተው ጣታቸውን የሚያጡ አሉ። የላይኛውን መከለያ ከእንጨቱ በላይ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ አስቀሩ፤ ድቡልቡል እንጨት ያለ ማቀፊያ አትቁረጡ፤ የመዘውሮቹ በር ክፍት ሆኖ ማሽኑን አታስነሡ፤ መቁረጫው መጨረሻ ላይ ስትደርሱ በእጃችሁ ሳይሆን በመግፊያ እንጨት ግፉ።

ማሽናችሁ ጠማማ በቆረጠ ጊዜ ካቻቢቴ ከማንሣታችሁ በፊት ስለቱን አውርዳችሁ ጥርሱን እዩ። እኔ ይህን ቀድሜ ባደርገው ኖሮ አራቱም ሳንቃዎች ዛሬ በሣጥኑ ላይ ይገኙ ነበር።