ማሳው የአንዱ፣ ዛፉ የሌላው፦ ኑሮና ንብረት በጃቫ ገጠር

የልማት ሠራተኛ ወደ አንድ አዲስ መንደር ሲገባ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «መሬቱ የማን ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው መልካም ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ይህን በግልጽ ከሚያሳዩን ቦታዎች አንዷ በኢንዶኔዥያ የምትገኘው የጃቫ ደሴት ናት። በጃቫ መንደር ማሳው የአንድ ሰው፣ ምርቱ የሁለትና የሦስት ቤተ ሰብ፣ በጓሮ የቆመው የኮኮናት ዛፍ የሌላ፣ ቤቱም እንዲሁ የሌላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የመሬቱን ባለቤት ስም ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ከዚያ መሬት ማን ማን እንደሚበላ ማወቅ ግን ሌላ ነገር ነው። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጃቫ እሳተ ገሞራዎች ከምዕራብ እስከ ምሥራቅ የተሰለፉባት ረጅምና ለም ደሴት ናት። ስፋቷ ወደ 130 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሆን በ2020 የሕዝብ ቆጠራ ከ150 ሚሊዮን በላይ ሰው ተቈጥሮባታል። ከዚህ የተነሣ ለአንድ ገበሬ የሚደርሰው መሬት እጅግ ጠባብ ነው። በ2013 በመላው ኢንዶኔዥያ በተካሄደው የእርሻ ቆጠራ ከግማሽ ሄክታር በታች መሬት የያዙ ገበሬ ቤተ ሰቦች ከ14 ሚሊዮን በልጠው ተገኝተዋል፤ ይህም ከገበሬው ሁሉ ከግማሽ በላይ ነው። አብዛኞቹም የሚኖሩት በጃቫ ነው።

መንደሩን ከሩቅ ለሚያየው ሰው ቤት አይታየውም። የሚታየው በውሃ በተሸፈነ አረንጓዴ ሜዳ መካከል እንደ ደሴት የቆመ ደን ነው። ቤቶቹ በዚያ ደን ውስጥ ናቸው። ሕዝቡ መሬቱን በሦስት ከፍሎ ይጠራል። ሳዋህ የሚባለው በመስኖ ውሃ የሚተኛበትና ሩዝ የሚተከልበት ማሳ ነው፤ በተራራ ጥግ እንደ ደረጃ በእርከን ይሠራል፤ ውሃ ባለበት በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዳንዴም ሦስት ጊዜ ያመርታል። ተጋላን ዝናብ የሚጠብቅ ደረቅ ማሳ ሲሆን በቆሎና ካሳቫ ይበቅልበታል። ሦስተኛው ፐካራንጋን ነው፤ ይኸውም በቤቱ ዙሪያ ያለ ጓሮ ነው። ኮኮናት፣ ሙዝ፣ ማንጎ፣ ቀርከሃ፣ ከሥራቸውም ቅጠላ ቅጠልና ቅመማ ቅመም ተደራርበው የሚበቅሉበት ይህ ጓሮ ለድሃው ቤተ ሰብ ጎተራ ማለት ነው። ሳዋህ የሌለው ቤተ ሰብ ጓሮ ካለው የመንደሩ ሰው ነው፤ ጓሮ እንኳ የሌለው ግን በሰው ጓሮ ተጠግቶ ይኖራል።

ተጠግቶ መኖር ያልሁት በሰው ቤት መኖር አይደለም። የጥንቱ የጃቫ ቤት በእንጨት ምሰሶ የቆመ፣ ግድግዳው ከተሰነጠቀ ቀርከሃ የተጠለፈ፣ ጣራው የሸክላ ንጣፍ ነበረ። ይህ ቤት ተነቅሎ በሌላ ስፍራ ሊተከል፣ መሬቱ ሳይሸጥ ለብቻው ሊሸጥም ይችላል። በልማድ ሕጋቸው ቤትና ዛፍ ከመሬቱ የተለየ ባለቤት ሊኖራቸው ይችላልና አንድ ድሃ የራሱን ቤት በሌላ ሰው መሬት ላይ ያቆማል፤ ለዚህም ውለታ ባለ ጓሮውን በሥራ ያግዛል። በዛፍም እንዲሁ ነው። የራሱ ዛፍ የሌለው ሰው የሌላውን የኮኮናት ዛፍ ማለዳና ማታ እየወጣ ጣፋጭ ጭማቂውን ይቀዳል፤ ሚስቱ በብረት ድስት አፍልታ ስኳር ታወጣለች፤ ከዛፉ ባለቤት ጋርም ይካፈላሉ። ከዛፍ ወድቆ የሚሰበር ወይም የሚሞት ሰው በየጊዜው አለ። ከባለ ዛፉ ድርሻ ግን ለዚያ የሚቀነስ የለም።

የመሬት መብት መነሻው ምንድር ነው? እንደ ብዙ አገር ሁሉ ማቅናት ነው። ደኑን መንጥሮ ቦዩን የቆፈረ አቅኚ ለራሱና ለዘሩ መብት አገኘ፤ በኋላ የመጣው ከእርሱ በታች ሆነ። በምሥራቅ ጃቫ ያለችው የሞጆዋርኖ መንደር በ1840ዎቹ ደን መንጥረው በገቡ ክርስቲያን ጃቫውያን የቀናች ናት፤ እስከ ዛሬም ቤተ ክርስቲያኒቱ በየዓመቱ የመከር በዓል ታደርጋለች፤ ምእመናንም ከማሳቸው ያገኙትን አስጊጠው እያመጡ ያቀርባሉ። ነገር ግን መብት ከነሸክሙ ነበረ። መሬት ያለው ለገዢው የግዳጅ ሥራ ይሠራል፤ መሬት የሌለው አይገደድም። ሆላንዳውያን በ1830 ባወጡት ሥርዓት እያንዳንዱ መንደር ከመሬቱ አንድ አምስተኛውን ሸንኮራ አገዳና ኢንዲጎ የመሰለ የውጭ ገበያ ተክል እንዲያለማ ታዘዘ። በተግባር ግን ሸክሙ ከዚያ ይበልጥ ነበር። ሸክሙ ሲከብድ ብዙ መንደሮች የሚሸከመውን ሰው ቊጥር ለማብዛት ሲሉ መሬቱን ለብዙ ሰው ከፋፈሉት፤ በአንዳንድ ቦታም ድርሻው በየጊዜው በዕጣ ይዞር ጀመር። እንግዲህ የዛሬው የመሬት መበጣጠስ የልጆች መብዛት ብቻ ያመጣው አይደለም።

የመንደሩ ሹማምንት ነገር ለእኛ አንባቢዎች ለመረዳት ቀላል ነው፤ ማደሪያ የሚለውን ቃል እናውቃለንና። ሹሙ (ሉራህ ይሉታል)፣ ጸሐፊው፣ የመስኖውን ውሃ የሚያከፋፍለው የውሃ አባት፣ ሁሉም በደመወዝ ፈንታ ከመንደሩ መሬት ማደሪያ ይይዙ ነበር፤ ዛሬ ደመወዝ ቢኖርም ይህ መሬት በብዙ መንደር አለ። ብዙ ጊዜ ከሁሉ የሚሻለው ሳዋህ ነው። ሹመት በምርጫ ቢሆንም ለምርጫው ብዙ ገንዘብ የሚፈስሰው ስለዚህ ነው።

ኢንዶኔዥያ ነጻ ከወጣች በኋላ በ1960 ሦስት ሕጎች ወጡ። አንደኛው የመሬትን መሠረታዊ ሕግ የደነገገ፣ ሁለተኛው የእርሻ ይዞታን ወሰን የወሰነ፣ ሦስተኛው የምርት ክፍፍልን የሚመለከት ነው። ሕዝብ በበዛበት ቦታ ከ5 ሄክታር በላይ ሳዋህ መያዝ ተከለከለ። ነገር ግን ባለ መሬቶቹ በዘመድ ስም እየከፋፈሉ ደበቁት፤ መሬት ፈላጊዎቹም በ1964 በራሳቸው እጅ መውሰድ ጀመሩ፤ ጠቡ ከረረ። በ1965 እና በ1966 በኮሚኒስትነት የተጠረጠሩ በመቶ ሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች በመላ አገሪቱ ተገደሉ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ የጃቫ ገጠር ሰዎች ነበሩ። ከዚያ ወዲያ ለሠላሳ ዓመት ያህል ስለ መሬት ድልድል መናገር የሚያስፈራ ነገር ሆነ። አንድ እንግዳ ሠራተኛ በስብሰባ መካከል ተነሥቶ «መሬት የሌላችሁ እጃችሁን አንሡ» ቢልና ሁሉም አቀርቅረው ዝም ቢሉት፣ ዝምታው ድንቊርና እንዳይመስለው።

ባለ መሬቱና አራሹ የሚዋዋሉባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው። ማሮ ማለት እኩል ነው፤ መርተሉ ማለት ደግሞ አራሹ ሲሶ የሚወስድበት ነው። መሬት ሲጠብና ፈላጊ ሲበዛ እኩሉ ወደ ሲሶ ይወርዳል፤ የ1960ው ሕግ የሳዋህ ምርት እኩል ይከፈል ቢልም ሕጉን የሚጠቅስ አራሽ በሚቀጥለው ዓመት መሬቱን አያገኝም። ወለድ አገድም አለ። የታመመበት ወይም ልጅ የሚድርበት ገበሬ ማሳውን ይሰጥና ገንዘብ ይወስዳል፤ ገንዘቡን እስኪመልስ ድረስ አበዳሪው እያረሰ ይበላል። ሕጉ ሰባት ዓመት የተያዘ መሬት ያለ ክፍያ ለባለቤቱ ይመለስ ይላል፤ ምክንያቱም የበላው ምርት ለብድሩ በቅቷል። መልካም ሕግ ነው። ሆኖም በጭንቅ ቀን ያበደረን ጎረቤት በሕግ መክሰስ በመንደር ቀላል አይደለም።

አሁን ወደ መከሩ እንምጣ፤ የነገሩ ፍሬ ያለው እዚህ ላይ ነውና። በድሮው ልማድ ሩዝ የሚታጨደው በማጭድ አልነበረም። ሴቶች አኒ-አኒ የምትባል፣ በመዳፍ የምትሰወር ትንሽ ቢላ ይዘው ዛላውን አንድ በአንድ ይቈርጡ ነበር። የሩዝን መንፈስ ትልቅ ስለት ያስደነግጣታል የሚል የቆየ እምነት ነበረ፤ በተጨማሪም የድሮው ዘር እኩል አይደርስምና የበሰለውን ብቻ መርጦ መቊረጥ ያስፈልግ ነበር። ከሁሉ በላይ ግን ማሳው ለደረሰ ባለ መሬት የሚመጣችውን ሴት ሁሉ ማባረር ነውር ነበረ። የሰበሰበችውን ትከምራለች፤ ከዚያ ላይ ባዎን የሚባል ድርሻዋን ትወስዳለች፤ ለዘመድና ለጎረቤት ድርሻው ከፍ ይላል፣ ለሩቅ ሰው ዝቅ ይላል። ከዚያም በኋላ ቃርሚያ አለ። የሩትን መጽሐፍ ያነበበ ክርስቲያን ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም። በዚህ መንገድ አንድ ስንዝር መሬት የሌላት መበለት ለወራት የሚበቃ እህል ከሰው ማሳ ታገኝ ነበር፤ ይህም መብቷ ነበረ እንጂ ምጽዋት አልነበረም።

ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ መንግሥት አዲስ ዘር፣ ማዳበሪያና ብድር አከፋፈለ። አዲሱ ሩዝ አጭር ነው፤ በአንድ ጊዜ ይደርሳል፤ በቀላሉም ይረግፋል፤ ስለዚህ ለማጭድ ይመቻል። ባለ መሬቱም መከሩን ገና በማሳው ቆሞ ሳለ ለነጋዴ መሸጥ ጀመረ፤ ይህን ሽያጭ ተባሳን ይሉታል። ነጋዴው የመንደሩ ዘመድ አይደለም፤ ማጭድ የያዙ ጥቂት የራሱን ሠራተኞች ይዞ ይመጣል፤ ሌላውን «አያስፈልገኝም» ቢል ማንም ነውር አይለውም። ባለ መሬቱም «እኔ ሸጫለሁ፤ ነጋዴውን ጠይቁ» ይላል። በሌሎች ቦታዎች ደግሞ ሴቶቹ በመከር ድርሻ ለማግኘት አስቀድመው ችግኙን ያለ ክፍያ እንዲተክሉ ተጠየቁ። ትናንት በነጻ የነበራቸውን መብት ዛሬ በጉልበታቸው ገዙት ማለት ነው። በዚያው ዘመን በሙቀጫና በዘነዘና ሩዝ እየፈተጉ ያድሩ የነበሩ ሴቶች ሥራቸውን ለሞተር መፈተጊያ ለቀቁ። ሞተሩ ቶሎ ይጨርሳል፣ ዋጋውም ርካሽ ነው፤ አገሪቱም በ1984 በሩዝ ራሷን ቻለች። ይህን ማቃለል አይገባም። ነገር ግን በመሬት መዝገቡ ላይ አንዲት መስመር ሳትቀየር፣ ከዚያው ማሳ የሚበሉት ሰዎች ተቀየሩ።

ስለ ውርስ ጥቂት ልበል። በጃቫ ወላጆች ብዙ ጊዜ በሕይወት ሳሉ ያከፋፍላሉ። ሁለት ልማዶች አሉ፤ ለወንድና ለሴት እኩል መስጠት፣ ወይም ለወንድ ሁለት እጅ ለሴት አንድ እጅ መስጠት። ሁለተኛውን በሸክም ይመስሉታል፤ ወንድ በትከሻው ላይ በእንጨት ሁለት ወገን ይሸከማል፣ ሴት በጀርባዋ አንድ ታዝላለች ይላሉ። አሮጊቷን እናት ይዛ የቀረችው ልጅ ቤቱን ትወርሳለች። ባልና ሚስት ሲፋቱ እያንዳንዱ ከአባት ቤት ያመጣውን መሬት ይዞ ይሄዳል፤ በትዳር ያፈሩትን ግን ይካፈላሉ። ስለዚህ ሴት በስሟ መሬት መያዟ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በገበያም ገንዘብ የምትይዘው እርሷ ናት።

የጃቫን መንደር የሚያወድስ ሰው ሁሉ መረዳዳቱን ያነሣል፤ እውነትም አለው። ቤት ሲሠራ ደቦ ይወጣሉ፤ አሪሳን የሚሉት ዕቁብ በየሰፈሩ አለ፤ ሌሊት በየተራ ይጠብቃሉ፤ የሚገርመው እነርሱም «ሮንዳ» ይሉታል። አሜሪካዊው ክሊፎርድ ጊርትዝ በ1963 ባሳተመው መጽሐፍ የጃቫ ገበሬ ድህነቱን ተካፍሎ ይኖራል ብሎ ጽፎ ነበር። በኋላ የመጡ አጥኚዎች ግን ተከራክረውታል፤ ባለ መሬትና መሬት የለሽ ከጥንትም ነበሩ፣ ድርሻውም እኩል አልነበረም ይላሉ። በእኔ አስተያየት እነዚህ ይሻላሉ። ደቦ የሚወጣ ድሃ ጉልበቱን ይሰጣል፤ በምላሹ የሚጠብቀው ጉልበት ሳይሆን የመከር ጥሪ ነው፤ ጥሪው ሲቀር ደቦውም ይላላል።

በግንቦት 27 ቀን 2006 ማለዳ በዮግያካርታ አጠገብ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ከ5,700 በላይ ሰዎችን ገደለ፤ ከሁሉ የተጎዳው የባንቱል ገጠር ነበር። ብዙ ሰው የሞተው ያለ በቂ ብረት በጡብ በተሠሩ ቤቶች ውስጥ ነው፤ የቀርከሃና የእንጨት ቤቶች የተሻለ ቆሙ። ጡቡ የብልጽግና ምልክት ነበረ። ለመልሶ ግንባታው ገንዘብ የተሰጠው ለትናንሽ የጎረቤት ቡድኖች ሲሆን እነርሱው ተመካክረው በደቦ ሠሩ፤ ሥራውም ከብዙ ሌላ ቦታ ፈጥኖ ተጠናቀቀ። እዚህ ላይ የቆየው ልማድ ጠቅሟል።

ዛሬ ወጣቱ በሞተር ሳይክል ወደ ፋብሪካና ወደ ከተማ ይሄዳል፤ ሴቶች ልጆች ወደ ማሌዥያ፣ ወደ ሆንግ ኮንግና ወደ ሳውዲ አረቢያ ለቤት ሥራ ይሄዳሉ፤ የኢትዮጵያ ልጆችም በዚያው በረሃ ስላሉ ይህ ለብዙ አንባቢ ቤት ቅርብ ነው። በሚልኩት ገንዘብ ቤት ይሠራል፤ ማሳ ግን ዋጋው ወጥቶ በቀላሉ አይገዛም። በማሳው ላይ የቀሩት ሽማግሌዎች ናቸው። ከ2015 ጀምሮ መንግሥት በ2014ቱ የመንደር ሕግ መሠረት ለእያንዳንዱ መንደር በየዓመቱ ገንዘብ በቀጥታ ይልካል፤ የመሬት ሰርተፊኬትም በብዛት ይታደላል። ሰርተፊኬቱ ለባለ ማሳው ትልቅ ዋስትና ነው፤ በሰው ጓሮ ቤቱን ላቆመው ሰው ግን የሚጽፈው ነገር የለም።

ፕሮጀክት ለያዛችሁ አንድ ነገር ላንሣ። መሬት ለሌለው ቤተ ሰብ ንብረት ማስጀመሪያ ከሆኑት ልማዶች አንዱ ፍየል ወይም ላም ለርቢ መቀበል ነው፤ ጠባቂው ያሳድጋል፣ የተወለደውን ከባለቤቱ ጋር ይካፈላል። መንግሥትም የርዳታ ድርጅቶችም በዚህ ልማድ ተጠቅመው ከብት አድለዋል። ነገር ግን ፍየሏ በበረት ታስራ ነው የምትቀለበው፤ ሣሩን የሚያጭድላትም ሰው ከመንገድ ዳር፣ ከቦይ ዳርና ከሰው ማሳ ድንበር ነው የሚያመጣው። ሁለት ፍየል ሲሆን ባለ ማሳው ዝም ይላል። ሃያ ፍየል በአንድ ሰፈር ሲገባ ግን ድንበሩን ይከለክላል፤ ስለዚህ ከዕደላው በፊት በእግር ዞሮ ሣሩ በየማን ድንበር ላይ እንዳለ፣ ማንስ እያጨደው እንደሆነ ከሴቶቹና ከልጆቹ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ሹሙ ይህን አያውቅም።