ከአንጎል ዕጢ ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚያጋጥም የንግግር ችግር ከስትሮክ በምን ይለያል?

በአብዛኞቹ ሰዎች ቋንቋን የሚመራው የአንጎል ግራ ክፍል ነው። ስትሮክ ወደዚህ ክፍል የሚሄደውን ደም በድንገት ሲያቋርጥ፣ ደህና ሲናገር የነበረ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ቃል ሊያጣ፣ የሚነገረውንም መረዳት ሊሳነው ይችላል። ቀስ በቀስ የሚያድግ ዕጢ ግን አንጎል ሥራውን በከፊል ወደ ሌላ ሥፍራ እንዲያዛውር ጊዜ ይሰጠዋል፤ በፍጥነት የሚያድግ ዕጢ ይህን ፋታ አይሰጥም። ስለዚህ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚታየው ችግር ብዙውን ጊዜ ቀለል ያለ ነው፤ ታካሚው ዕቃውን እያወቀ ስሙ ይጠፋበታል። እብጠቱ ሲቀንስ ብዙዎች በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ውስጥ ይሻላቸዋል። ቤተሰብ ይህን እንደ አእምሮ መታወክ ሊቆጥረው አይገባም። ይሁን እንጂ ታካሚው ቤት ከገባ በኋላ ንግግሩ በድንገት ከተባባሰ፣ የደም መፍሰስ ወይም ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ ሳይጠበቅ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መወሰድ አለበት።