በጨው ውኃ ላይ አንድ ሰዓት

የመንሳፈፍ ሕክምና የሚባለው፣ ብርሃንና ድምፅ በማይገባበት ክፍል ወይም ክዳን ባለው ገንዳ ውስጥ፣ እጅግ ጨዋማ በሆነ ለብ ያለ ውኃ ላይ አንድ ሰዓት ያህል በጀርባ ተንጋሎ መቆየት ነው። በብዙ የአሜሪካና የአውሮፓ ከተሞች በክፍያ ይሰጣል። ስለ ጥቅሙ የሚናፈሰው ወሬ ግን ከአገልግሎቱ ፈጥኖ ተዛምቷል። ማግኒዥየም በቆዳ ሰርጎ ይገባል፤ አንድ ሰዓት መንሳፈፍ የአራት ሰዓት እንቅልፍ ይተካል፤ አንጎል ሥራውን ያቆማል ይባላል።

የመጨረሻውን ወሬ ውድቅ ያደረገው ገንዳው የተሠራበት ሙከራ ራሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ጆን ሊሊ የተባለ የነርቭ ሳይንቲስት፣ በሜሪላንድ ግዛት ቤቴዝዳ በሚገኘው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም፣ አንድ የከረመ ክርክር ሊፈትን ተነሳ። አንጎል ከውጭ የሚደርሰው ቅስቀሳ ቢቋረጥ ይተኛል ወይስ በራሱ ነቅቶ ይቆያል? ሊሊ ጭንቅላትን የሚሸፍን የመተንፈሻ ጭንብል አጥልቆ ውኃ ውስጥ ገባ። አንጎሉ አልተኛም፤ ሐሳብና ምናብ ማመንጨቱን ቀጠለ። ጨዋማው ውኃና ጥልቀት የሌለው ገንዳ የመጡት በኋላ ነው። በ1970ዎቹ ግሌን ፔሪ የተባለ የኮምፒውተር ባለሙያ ለገበያ የሚሆን ገንዳ ሠራ።

“ሰው ያሳብዳል” የሚለው ፍርሃት ደግሞ የመጣው ከሌላ ሙከራ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በሞንትሪያል ማክጊል ዩኒቨርሲቲ፣ በዶናልድ ሄብ መሪነት፣ ተማሪዎች በቀን 20 ዶላር እየተከፈላቸው፣ ዓይናቸው በደበዘዘ መነጽር እጃቸው በጓንት ተሸፍኖ፣ ጠባብ ክፍል ውስጥ ለቀናት እንዲተኙ ተደርገው ነበር። ብዙዎቹ የሌለ ነገር አዩ፤ አቋርጠው የወጡም ነበሩ። ውኃ አልነበረም፤ ጊዜውም አንድ ሰዓት አልነበረም። ሁለቱን አንድ አድርጎ መጻፍ የጋዜጣ ስንፍና ነው።

የእንቅልፉ ሒሳብም ቀላል ምርመራ አይቋቋምም። እንቅልፍ ከቀላል ወደ ጥልቅ፣ ከዚያም ወደ ሕልም የሚሄድ ዙር አለው፤ አንዱ ዙር 90 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ገንዳ ውስጥ ከገባ ጀምሮ እስኪወጣ ያንቀላፋ ሰው እንኳ አንዱን ዙር አይጨርስም።

ውኃው 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ጥልቀት አለው፤ 400 እስከ 500 ኪሎ ኤፕሰም ጨው፣ ማለትም ማግኒዥየም ሰልፌት፣ ይሟሟበታል። የውኃው እፍግታ ወደ 1.25 ይደርሳል፤ የሰው አካል እፍግታ ደግሞ 1 ገደማ ስለሆነ ከአካሉ አንድ አምስተኛ ያህል ከውኃው በላይ ይቀራል። የሙት ባሕር ውኃም እፍግታው ለዚህ የቀረበ ነው። እዚያ በፊታቸው የተገለበጡ ሰዎች ሊሰምጡ ይችላሉ፤ እግራቸው ወደ ላይ ስለሚነሳ መመለስ ያቅታቸዋል። በገንዳው ውስጥ ግን ማዕበል የለም፤ እጅም ወለሉን ይነካል።

ዋናው ሥራ ያለው ቆዳው ላይ ነው። ውኃው የሚሞቀው እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ፣ ማለትም እስከ ቆዳ ሙቀት እንጂ እስከ 37ቱ የውስጥ ሙቀት አይደለም። በዚህ መጠን ላይ ሙቀትና ቅዝቃዜ የሚለዩት ነርቮች የሚያወሩት ያጣሉ። ልኩ ጠባብ ነው፤ ውኃ ሙቀትን ከአየር ከ20 እጥፍ በላይ ፈጥኖ ስለሚያስተላልፍ፣ በጥቂት ዲግሪ የቀዘቀዘ ገንዳ ሰዓቱ ሳያልቅ ያንቀጠቅጣል፤ ሙቀት የበዛበት ደግሞ ያልባል። የመዳሰስ ነርቮችም በአመዛኙ የሚነቁት ለለውጥ ነው። ጠዋት ነጠላ ትከሻው ላይ የጣለ ሰው ጨርቁ ሲያርፍ ይሰማዋል፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መልበሱን ይረሳል። በገንዳው ውስጥ የሚረሳው ከአንገት በታች ያለው ቆዳ በሙሉ ነው። አካል የት አብቅቶ ውኃው የት እንደሚጀምር መለየት ያዳግታል፤ ሰው እንዳይንቀሳቀስ የሚመከረውም ትንሽ ሞገድ ቆዳውን ወዲያው ስለሚቀሰቅሰው ነው።

ክብደትም ይቀላል። አልጋ ላይ ተረከዝ፣ ዳሌ፣ ትከሻና ማጅራት የአካሉን ጫና ይሸከማሉ፤ ጨው ውኃ ግን ያንን ጫና በሰፊው ያከፋፍለዋል። ይህን “ስበት አልባ” የሚሉ ማስታወቂያዎች ይሳሳታሉ። በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ጥቃቅን የካልሲየም ካርቦኔት ጠጠሮች ስበት ወዴት እንደሚጎትት መናገራቸውን አያቆሙም፤ ሰውየው በጀርባው መተኛቱን ያውቃል። ለስበት ለመገዛት የሚከብደው ደግሞ አንገት ነው። ጭንቅላት አምስት ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ጀማሪው ውኃው እንደሚይዝለት ስለማያምን ቀና አድርጎ ይታገላል፣ ከዚያም “አንገቴን አመመኝ” ብሎ ይወጣል። እጅን ከራስ በላይ መዘርጋት ወይም ተንሳፋፊ ትራስ መጠቀም ይረዳል።

ጆሮ ውኃ ውስጥ ሲገባ ሌላ ነገር ይከተላል። ከአየር የመጣ ድምፅ የውኃው ገጽ ላይ ሲደርስ ከጉልበቱ 99.9 በመቶ ያህሉ ይመለሳል። የልብ ምትና እስትንፋስ ግን በአጥንት በኩል ስለሚሄዱ አይከለከሉም፤ የውጭው ጫጫታ ሲጠፋ እነሱ ይጎላሉ። ኦክላሆማ፣ ቱልሳ በሚገኘው ሎሪየት የአንጎል ምርምር ተቋም እነጀስቲን ፋይንስታይን በ2018 ባወጡት ጥናት፣ በቀላሉ የሚጨነቁ 31 ሰዎች ሲንሳፈፉና የተፈጥሮ ፊልም ሲያዩ ተነጻጸሩ። ሲንሳፈፉ የደም ግፊታቸው ወረደ፤ ለልባቸውና ለትንፋሻቸው ያላቸው ትኩረት ግን ጨመረ። ስለዚህ “የስሜት እጦት” የሚለው የዚህ ዘዴ የድሮ ስያሜ ግማሹን ብቻ ይናገራል።

ማስረጃው ከዚህ በላይ ሲፈለግ ይሳሳል። እነዚሁ ተመራማሪዎች በዚያው ዓመት ጭንቀትና ድባቴ ያለባቸውን 50 ሰዎች አንድ ጊዜ አንሳፍፈው ጭንቀታቸው በእጅጉ መቀነሱን ዘግበዋል፤ ነገር ግን ያልተንሳፈፈ የማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረም፤ ተሳታፊዎቹም ምን እንደሚደረግላቸው ያውቁ ነበር። በጀርመን በ99 የቆየ ሕመም ታማሚዎች ላይ ተደርጎ በ2021 የታተመው ጥናት በዕጣ የተደለደለ፣ የማስመሰያ ገንዳም የነበረው ነው። ውጤቱ የአጭር ጊዜ እፎይታ ሲሆን፣ ዘላቂ ጥቅም አልታየም። መዝናናትና ሕመምን ማዳን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ገበያው ሆን ብሎ ያደባልቃቸዋል።

ማግኒዥየሙም እንዲሁ። የቆዳ የላይኛው ሽፋን ከሞቱ ሕዋሳትና ከቅባት የተሠራ ነው፤ የማግኒዥየም አዮን ደግሞ የውኃ ሞለኪውሎችን ተከናንቦ ስለሚዞር በዚያ ማለፍ ይቸግረዋል። በ2017 የታተመ የጥናቶች ግምገማም በቆዳ በኩል መግባቱ አልተረጋገጠም ብሏል። ጨው የተጨመረው ለማንሳፈፍ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገባ ሰው በዚያው ቀን ጸጉሩን ባይላጭ ይሻለዋል፤ ጨው ትኩስ ጭረትን ያቃጥላል። ቡናውንም ለኋላ ማቆየት ነው። ከመግባት በፊት መታጠብ፣ ጆሮን መድፈንና ዓይንን በእርጥብ እጅ አለመንካት ያስፈልጋል። ጠባብ ቦታ የሚያስፈራው ክዳኑን ክፍት፣ መብራቱንም እንደበራ መተው ይችላል። የሚጥል በሽታ፣ ክፍት ቁስል፣ ተላላፊ የቆዳ በሽታ ወይም የኩላሊት ችግር ያለበት አስቀድሞ ሐኪም ያማክር፤ መጠጥ የቀማመሰ ደግሞ ጨርሶ አይግባ። ሲወጣ የደም ግፊቱ ዝቅ ብሎ ሊሆን ስለሚችል ቀስ ብሎ ይነሳል፤ ጨው ጸጉርና ጆሮ ላይ ሳይደርቅ በንጹሕ ውኃ ይታጠባል።