ላኪው ማን ነው?

ባለፈው ዓመት ያመለከትኩበት አንድ መሥሪያ ቤት ለፈተና ጠርቶኝ ነበር። ኢሜይሉን ያገኘሁት ግን ፈተናው ካለፈ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ስፓም ውስጥ ነው። የላኪው ቦታ ላይ የመሥሪያ ቤቱ ስም የለም፤ «ደብሊው ደብሊው ደብሊው ዳታ» ይላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድረ ገጽ በፒኤችፒ ኢሜይል ሲልክ፣ የላኪው አድራሻ ካልተነገረው ብዙ ጊዜ የሰርቨሩን የተጠቃሚ ስም ይለጥፋል። ጂሜይል ደግሞ ሰርቨሩ በዚያ ዶሜይን ስም እንዲልክ ተፈቅዶለት እንደሆነ ኤስፒኤፍ ከሚባለው መዝገብ ያያል። ከ2024 እ.ኤ.አ. ወዲህማ ቁጥጥሩ ጠብቋል።

መፍትሔው እኮ ቀላል ነው፦ የላኪውንም፣ ያልደረሰ ኢሜይል የሚመለስበትንም አድራሻ በራስ ዶሜይን ማድረግ፤ ሰርቨሩን መዝገቡ ላይ ማስፈር። ይህን ማድረግ የመሥሪያ ቤቱ ሥራ ነው፤ ሳይደረግ ሲቀር ግን ኪሳራው የኛ የአመልካቾች ነው።

እስከዚያው ስፓማችሁንም እየከፈታችሁ እዩ።