ሸክሙን የሚሸከመው ድንጋዩ ነው

የአስፋልት መንገድ አገልግሎት ላይ ከዋለ ጥቂት ዓመታት በኋላ የከባድ ተሽከርካሪዎች ጎማ በሚመላለስበት መስመር ሰርጉዶ ቦይ መሥራቱ የተለመደ ነው። ክረምት ሲገባ ውኃ ቦዩ ውስጥ ይተኛል፤ ፍሬን የያዘ መኪናም በቀላሉ ይንሸራተታል። ስለዚህ ጉዳዩ የወጪ ብቻ ሳይሆን የሕይወትም ጉዳይ ነው።

የችግሩ ሥር ሬንጅ ባለው ልዩ ባሕርይ ላይ ነው። ሬንጅ በድንገት ሲመታ እንደ ጠጣር ይጸናል፤ በሙቀት ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሲጫኑት ግን እንደ ወፍራም ፈሳሽ ይፈስሳል። ቦዩ ጎልቶ የሚታየው መኪና በሚያዘግምበት አቀበትና በሚቆምበት መስቀለኛ መንገድ ላይ የሆነውም ስለዚህ ነው። በተለመደው ድብልቅ ትልልቆቹ ጠጠሮች በአሸዋና በሬንጅ ስለሚለያዩ፣ የጭነቱ ከፊል በዚሁ ልስልስ አካል ላይ ያርፋል።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የጀርመን መሐንዲሶች የተለየ ድብልቅ አዘጋጁ። ዓላማቸው በበረዶ ወራት የሚገጠሙ ባለ ብረት ጥርስ ጎማዎች መንገዱን እንዳይፍቁት ማድረግ ነበር። እነዚህ ጎማዎች በ1975 በዚያች አገር ቢታገዱም፣ ድብልቁ ቦይ የመከላከል ብቃቱ ስለተረጋገጠ በ1984 በደረጃ መመሪያ ውስጥ ገባ።

በዚህ ድብልቅ ከ100 ኪሎ ግራም ድንጋይ ውስጥ ከ70 እስከ 80 የሚሆነው ትልቅ ጠጠር ነው፤ አሸዋው ጥቂት ሲሆን 10 ኪሎ ግራም ያህሉ የድንጋይ ዱቄት ነው። ጠጠሮቹ እርስ በርስ ተነካክተው ስለሚደጋገፉ ጭነቱ በሰበቃ አማካይነት ከድንጋይ ወደ ድንጋይ ይተላለፋል። ለዚህም የተፈለጠና ማዕዘን ያለው ጠንካራ ድንጋይ ያስፈልጋል፤ ድቡልቡል የወንዝ ጠጠር ይንሸራተታል፣ ጠፍጣፋውም ይሰበራል።

ንክኪው መኖሩ በምን ይታወቃል? በመጀመሪያ ትልልቁ ጠጠር ብቻውን በዕቃ ተጠቅጥቆ በመካከሉ ያለው ክፍት ቦታ ይለካል። ቀጥሎ በተጠቀጠቀው ድብልቅ ውስጥ በእነዚሁ ጠጠሮች መካከል ያለው ቦታ ይሰላል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ከበለጠ፣ ሌላው ነገር ጠጠሮቹን አራርቋቸዋል ማለት ነው።

ክፍት ቦታውን የሚሞላው ከ6 እስከ 7 በመቶ የሚደርስ ሬንጅ ከድንጋይ ዱቄት ጋር ተቀላቅሎ ነው። ወፍራም የሬንጅ ሽፋን በአየር ቶሎ ስለማይደርቅ የመንገዱን ዕድሜ ያረዝማል። ይሁን እንጂ ትኩስ ሬንጅ በጉዞ ላይ ከጠጠሩ ተንጠባጥቦ ሊወርድ ይችላል፤ ይህን ለመግታት በአንድ ቶን 3 ኪሎ ግራም ገደማ የሴሉሎስ ቃጫ ይጨመራል። በንድፉ ከ3 እስከ 4 በመቶ የአየር ቀዳዳም ይተዋል፤ ቀዳዳው ካነሰ ሬንጁ በሙቀት ሲለጠጥ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከበዛ ደግሞ ውኃ ይሰርጋል።

የአገራችን ደጋ በባዛልት ድንጋይ የታደለ ቢሆንም ሬንጁ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው። ስለሆነም ድብልቁ ይበልጥ የሚያዋጣው ከባድ ተሽከርካሪ በሚያዘግምባቸው አቀበቶችና መስቀለኛ መንገዶች ላይ ነው። ከዚህም ጋር አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም። ከ1958 እስከ 1960 በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት የተካሄደው ታላቅ የመንገድ ሙከራ እንዳሳየው፣ በአንድ አክስል ላይ ያለው ጭነት በእጥፍ ሲጨምር ጉዳቱ ወደ 16 እጥፍ ገደማ ያድጋል። የክብደት መቆጣጠሪያ ሚዛን ካልተከበረ፣ ምርጡ ድንጋይም ከጊዜው በፊት መሰበሩ አይቀርም።